ስለ ሞደም አመራረጥ

በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጊዜ አጠቃቀም በየዓመቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ዘንድሮ ለመጻፍ የተነሣሁት በቤታችን መደርደሪያ ላይ፥ እናቴ በሠሩት ዳንቴል ተሸፍኖ ስለ ተቀመጠው ጥቁር ሳጥን ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ገንዘብም ይሉኝታም አለበት።

ሳጥኑን የላኩልኝ በአሜሪካ አገር የሚኖሩት አክስቴ ናቸው። ባለፈው ዓመት በስልክ ስንነጋገር፥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየተቃረበ መሆኑንና የትምህርት ጽሑፎችን ለማውረድ ማታ ማታ አንድ ሱቅ በራፍ ላይ እንደምቆም ነገርኋቸው። እሳቸውም አዝነው፥ የሌሊት ሥራ ሠርተው ካገኙት ደመወዝ ላይ ቀንሰው፥ የእሳቸው የኢንተርኔት ድርጅት «ከእኛ መስመር ጋር ይሠራል» ብሎ ከመዘገባቸው አንዱን ሞደም ገዝተው በመንገደኛ እጅ ላኩልኝ። ከአዲስ አበባም እስከ ሚዛን ተፈሪ በአውቶቡስ ደረሰ።

አባቴ ሳጥኑን ቢከፍቱት ከጀርባው ክብ፥ ጥርስ ያለው የገመድ መግቢያ አለው። ይህን መግቢያ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የዲሽ ገመድ የሚጠብቅበት ዓይነት ነውና። አባቴም የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ነቅለው ቢያዞሩት ልክ ገጠመ! መብራቶቹም ብልጭ ድርግም አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ፥ ቡና ተፈላ፥ ከአቦል እስከ በረካ ጠበቅን፤ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም።

በኋላ እንደ ተረዳሁት ያ ሞደም የተሠራው በአሜሪካ በቴሌቪዥን ኬብል በኩል ለሚመጣ ኢንተርኔት ነው። እዚያ የኬብል ድርጅቶች በየቤቱ ገመድ ዘርግተው ቴሌቪዥኑንም ኢንተርኔቱንም በአንድ ሽቦ ያስገባሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ መስመር የለም፤ የቤታችንም ዲሽ ሥዕልና ድምፅ ከሰማይ ይቀበላል እንጂ መልሶ የሚልከው ነገር የለም። የገመዱ ጫፍ ገጠመ እንጂ ነገሩ አልገጠመም።

ስለዚህ «የትኛው ሞደም ማለፊያ ነው?» ብሎ መጀመር ስሕተት ነው እላለሁ። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «እቤታችን የሚደርሰው መስመር ምን ዓይነት ነው?» ተብሎ ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ለብዙ ዘመን የሞባይልና የቤት መስመር የሚሰጠን አንድ ድርጅት ብቻ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ስለ ጀመረ ምርጫው ሰፋ፥ የመሳሳቻውም መንገድ እንዲሁ።

የመዳብ ስልክ ሽቦ በገባበት ቤት ኤዲኤስኤል የሚባለው ሞደም ያስፈልጋል። ፋይበር በገባበት ደግሞ ብርሃኑን የሚቀበለው ሳጥን በድርጅቱ መዝገብ ላይ በቁጥሩ የሚታወቅ ስለሆነ፥ ከገበያ ሌላ ገዝቶ መሰካት አያዋጣም። ለእነዚህ ሁለቱ ቢሮው ራሱ መልስ ይሰጣልና አላስረዝምም።

በቡናው ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ግን የሚደርሰን በአየር ነው፤ ሲም ካርድ የሚገባበት ሳጥን እንሻለን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሞኛል። በገበያ አራት አንቴና እንደ ቀንድ ያቆመ ራውተር ይታያል፤ ሰዎቻችን ሁሉንም «ዋይፋይ» ስለሚሉት ዋጋውን ከፍለው ይሄዳሉ። ቤት ሲደርሱ የሲም ማስገቢያ የለውም። የእርሱ ሥራ ከሌላ ሞደም የመጣውን ማከፋፈል ብቻ ነው፤ ጎተራው ባዶ ከሆነ ምን ይሰፍራል? ሲም የሚገባበትም ቢሆን፥ የሸጠው የውጭ አገር ድርጅት ለራሱ ሲም ብቻ ቆልፎት ሊሆን ይችላል። የሬዲዮ ሞገዱም ነገር አለ፤ በአሜሪካ የሚሠራባቸው ሞገዶች ሁሉ ከእኛዎቹ ጋር አንድ አይደሉም።

አንዳንዶች «መንግሥት የፈቀደው ዕቃ ከሆነ ይበቃል» ይላሉ። እርግጥ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ ይፈቅዳል። ነገር ግን የተፈቀደ ኤዲኤስኤል ሞደም የስልክ ሽቦ በሌለው ቤት ምን ይጠቅማል?

የቡናው ገንዘብ ሲገባ አባቴ ሌላ ሳጥን ሊገዙ ተነሡ፤ እኔም የራሳችንን ሲም ይዤ ተከተልሁ። በሱቁ ውስጥ ሠራ። ሆኖም ከተማው መካከል መሥራቱ ከኮረብታው ሥር ለመሥራቱ ዋስ አይሆንምና፥ መያዣ ሰጥተን አንድ ሌሊት እንዲያድር ለመንን። ባለ ሱቁ አኮረፉ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አሉ። በጓዳ አንዲት መብራት ብቻ አበራ፥ በመስኮቱ አጠገብ ሦስት። በማግስቱ ቀሪውን ከፈልን፤ የማጥኛ ወንበሬም ወደ መስኮቱ ተዛወረ። ዕቃ ሻጮች ሁሉ ይህን ያለ ልመና ቢፈቅዱ፥ ዘመዶቻቸው በውጭ አገር ያሉ ጓደኞቼም ስጦታ ከመላኩ በፊት የመስመራቸውን ዓይነት ቢያስታውቁ መልካም ነው።

አክስቴ ግን እስከ ዛሬ የእሳቸው ሳጥን የሚሠራ ይመስላቸዋል። በደወሉ ቁጥር «ፈጣን ነው?» ይሉኛል፤ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ፥ እጅግ ፈጣን ነው» እላለሁ። አባቴ ልባቸው እንዳይሰበር ዝም በል ብለውኛል። ነገር ግን ጽሑፌ የሚወጣባትን መጽሔት እንድልክላቸው አክስቴ አስቀድመው ጠይቀዋል። ስለዚህ ሳትታተም፥ በዚህ ሳምንት ደውዬ እነግራቸዋለሁ። መንገደኛ ከተገኘም ሳጥኑ ወደ አሜሪካ ይመለስ፤ እዚያ ይሠራልና።