በአጥንት ውስጥ የሚቀር ሰም

ከተቆረጠ አጥንት የሚወጣን ደም ማቆም ከሥጋ የሚወጣውን ከማቆም የሚከብደው፣ የአጥንት ደም ሥሮች በጠጣር ቦይ ውስጥ የተቀበሩ በመሆናቸው ነው። ሥጋ ላይ የተቆረጠ ደም ሥር ራሱን ይሰበስባል፣ ካልሆነም ቀዶ ሐኪሙ በመቆንጠጫ ይዞ በክር ይቋጥረዋል፤ ስፖንጅ መሰል በሆነው የአጥንት ክፍል ግን ደሙ ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ቀዳዳዎች ስለሚመነጭ የሚቋጠር ነገር አይገኝም፣ በኤሌክትሪክ መተኮሱም እምብዛም አይረዳም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቪክቶር ሆርስሊ እ.ኤ.አ. በ1892 ለዚህ ችግር ያቀረበው መላ፣ 7 እጅ የንብ ሰም፣ 1 እጅ የአልሞንድ ዘይትና ጥቂት ሳሊሲሊክ አሲድ የተባለ ጸረ ተዋስያን አዋህዶ የሚደማውን የራስ ቅል አጥንት በድብልቁ መድፈን ነበር።

የአጥንት ሰም የሚባለው ይህ ነገር ዛሬም አገልግሎት ላይ ነው፤ ዋናው ክፍሉ አሁንም የንብ ሰም ሆኖ፣ ማለስለሻ ተጨምሮበት፣ ከተዋስያን ጸድቶ በታሸገ ትንሽ ቁራጭ ይቀርባል። ማር በሚቆረጥበት፣ ጠጅ ከተጣለ በኋላ የቀረው ሰፈፍ ተነጥሮ ለጧፍ በሚውልበት በቢቸናና በሞጣ ከተሞች አካባቢ ጥሬ ዕቃው ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያም በንብ ሰም ምርት ከዓለም ቀዳሚ አገሮች መካከል ትቆጠራለች። (የጧፍ ሰም ግን ከቁስል ጋር ሊገናኝ እንደማይገባ መናገር ያስፈልጋል።) ሰሙ የንብ ሥራ መሆኑ፣ ርካሽ መሆኑና ደሙን ወዲያው ማቆሙ ጉዳት የለውም የሚል ግምት ማሳደሩ አይቀርም፤ ግምቱ ግን የአጥንትን አፈዋወስ ያላገናዘበ ነው።

አጥንት ሲሰበር በስብራቱ ዙሪያ የሚረጋው ደም የፈውሱ የመጀመሪያ ደረጃ ነው፤ አዲስ ደም ሥሮችና አጥንት ሠሪ ሕዋሳት ወደ ስብራቱ የሚገቡት በዚህ በረጋ ደም ውስጥ ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት በመጀመሪያ ለስላሳ፣ ኋላም ጠንካራ የሆነ ካሉስ የተባለ መጋጠሚያ ይሠራሉ፤ ሕዝቡ «አጥንቱ ያዘ» የሚለውም ይህ መጋጠሚያ ሲጠነክር ነው። ሰም ግን ደምን አያረጋም፤ ቀዳዳውን ደፍኖ ብቻ ይቀመጣል፣ ሰውነትም የሚያሟሟበት መንገድ ስለሌለው ከዓመታት በኋላ እንኳ በተቀባበት ቦታ ሊገኝ ይችላል። በመሆኑም ደሙን የከለከለው ግድግዳ ሕዋሳቱንም ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአይጥ ቅልጥም ላይ ተደርጎ በታተመ ጥናት፣ ሰሙ ከ10 ደቂቃ በኋላ ከተቦረቦረው አጥንት ተጠርጎ ሲወጣ እንኳ አዲስ አጥንት እንዳይበቅል ማገዱ ታይቷል። «ደሙ ከቆመ በኋላ ጠርገን እናወጣዋለን» ለሚለው መጽናኛ ይህ ውጤት ብዙ ቦታ አይተውለትም፤ ዐይን የማያየው ስስ ሽፋን ይቀራልና።

ሁለተኛው ችግር ኢንፌክሽን ነው። ሰም በሰውነት ውስጥ ባዕድ አካል በመሆኑ የመከላከያ ሕዋሳት ይከቡታል፣ ይቆጣሉ፣ ተዋስያንን የማጽዳት አቅማቸው ግን በሥፍራው ይዳከማል፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ሰም ባለበት አጥንት መመረዝ ለማስነሳት የሚያስፈልገው የባክቴሪያ ብዛት በ10,000 እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በእርሻ መካከል ወድቆ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ለወጣ፣ ቁስሉም አፈር ለነካ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌሎች አማራጮች አሉ፣ እነርሱም ቢሆኑ ከነቀፋ አያመልጡም። ከጄላቲን የሚሠራው ስፖንጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይመጠጣል፤ ሰርጂሴል በሚል ስም የሚታወቀው ኦክሲዳይዝድ ሴሉሎስም ይሟሟል፣ ነገር ግን አሲዳማ በመሆኑ የአጥንትን ዕድገት ሊያዘገይ፣ በአከርካሪ አጠገብ ከተተወም አብጦ ነርቭ ሊጫን ይችላል። እንደ ሰም እየተለሰለሰ የሚለጠፈው፣ ውኃ ግን የሚያሟሟው ኦስቲን በ2 ቀን ገደማ ከሥፍራው ስለሚጠፋ የአጥንትን መግጠም እንደማያግድ የእንስሳት ሙከራዎች አሳይተዋል፤ ዋጋው ግን ከሰም ጋር አይወዳደርም።

ይህ ሁሉ ሰምን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ለማስወጣት በቂ ምክንያት አይሆንም። ከሌላ አጥንት ጋር መግጠም በማይጠበቅበት የተቆረጠ እግር ጫፍ ላይ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ የራስ ቅል ተከፍቶ ደም አልቆም ሲል ደግሞ ሕይወት ከአጥንት ይቀድማል። የሚነቀፈው በጋዝ ጫን ብሎ ጥቂት ደቂቃ በመታገሥ ሊቆም ለሚችል ደም ሰም መለጠፍ፣ ይበልጡንም ሊጋጠሙ በተዘጋጁ የስብራት ጫፎች መካከል ወይም ለንቅለ አጥንት በተሰናዳ ሥፍራ ላይ መቀባት ነው።

ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር ሲታይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የከበደ ስብራት የደረሰበት ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል፣ ቀዶ ሕክምናውም በዚያ ይደረግለታል፣ ቁስሉ የሚታጠበውና የሚታየው ግን ተመልሶ በአገሩ ባለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ነው። በመመለሻ ወረቀቱ ላይ የገባው ብረት ሲጻፍ የተቀባው ሰም ካልተጻፈ፣ ከወራት በኋላ መግል የሚያፈስ ቁስል ያየ ባለሙያ ጸረ ተዋስያን መድኃኒት ደጋግሞ ከማዘዝ በቀር ሌላ የሚጠረጥርበት ፍንጭ አይኖረውም፤ ሰሙ በራጅ ፊልም ላይ እንደ ብረት ጎልቶ አይታይምና። «በዚህ አጥንት ላይ ሰም ቀርቷል» የሚለው አንድ መስመር ግን ያ ባለሙያ መድኃኒቱን ለሦስተኛ ጊዜ ከማዘዙ በፊት ቁስሉ ተከፍቶ ሰሙ እንዲጸዳ ሕመምተኛውን መልሶ እንዲልክ በቂ ምክንያት ይሰጠዋል።