እንጦጦ መናፈሻ ብቻ አይደለም

«እንጦጦ ወጥተን ነበር» ያላችሁን ሰው ምን እንዳየ ጠይቁት። ፈረስ፣ ቡና፣ ፎቶ። አልነቅፍም። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው መተንፈሻ አግኝቷል። ግን ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ከተማዋን ሳያዩ መመለስ ይቆጫል።

አዎ፣ ከተማ ነበረች፤ ያውም ከአዲስ አበባ በፊት መናገሻ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እንጦጦ ማርያም ነው። አጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥት የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ ወርቅና እብነ በረድ የጠበቀ ሰው ግር ይለዋል። እኔ ግን ከሸገር ቤቶች ሁሉ እሱን እወዳለሁ። በዚያ ብርድ፣ ማገዶ እየራቀ ሲሄድ፣ እቴጌ ጣይቱ ለምን ፍልውኃን እንደመረጡ እዚያ ለቆመ ሰው አስረጂ አያስፈልገውም። ባሕር ዛፉም የመጣው በዚሁ በማገዶ ችግር ነው። ዛሬም ከዛፉ ሥር ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች አሉ። እኛ መኪናችንን ጥሩንባ እያስነፋን እናልፋቸዋለን።

በየካ በኩል ደግሞ ከሰፈሩ በላይ ጫካው ውስጥ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን። ላሊበላ ለመሄድ ዓመት ሙሉ ብር የሚያጠራቅም የመገናኛ ልጅ ይህን አንድ ቀን እንኳ አላየውም።

ጣሊያን ውስጥ ጉቢዮ የምትባል የተራራ ወገብ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ አለች። በየዓመቱ ሜይ 15 ነዋሪዎቿ ሦስት ከባድ የእንጨት ምሰሶዎችን ተሸክመው እስከ ተራራው አናት፣ እስከ ቅዱስ ኡባልዶ ቤተ ክርስቲያን ይሮጣሉ። እንግዳው ይህን ሊያይ ይጎርፋል፤ እነሱ ግን የሚሮጡት ለራሳቸው ነው። የእኛስ ጥር 12? ሌሎቹ ታቦታት በጥምቀት ዕለት ሲገቡ የየካ ሚካኤል አድሮ በማግስቱ ከጃንሜዳ ይነሣል፤ ሕዝቡ በዝማሬና በጭፈራ አጅቦ ያስገባዋል። ትርዒት ይሁን አልልም፣ እግዜር አያድርገው። የከተማው ልጅ ግን የገዛ ሰፈሩን በዓል በስልክ ብቻ ማየቱ አይገባኝም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እንጦጦ ከሆናችሁ ከፓርኩ በፊት ማርያም ግቡ፤ ነጠላ ያዙ። ሙዚየሙን ከፍላችሁ እዩ። ስትመለሱ ሽሮ ሜዳ ቁሙና ጋቢ ግዙ። ለአንድ ማኪያቶ የከፈላችሁትን ሳትቆጥሩ ሸማኔው ላይ አትከራከሩ።