ስለ ሪፈር ወረቀትና ስለ ልብ ሕሙማን

በክልል ሆስፒታሎች የሚሰጠው የድንገተኛ ሕክምና በተነሣ ቁጥር ከባለሥልጣንም ከባለሙያም አፍ የማትጠፋ፣ በቅርቡም በአንድ ስብሰባ ላይ ሰምቻት ውስጤን ያሳረረችው አንዲት አነጋገር አለች፤ ይህችውም «የልብ ሕክምና የትልቅ ሆስፒታል ሥራ ነው፤ ከታች ያለው ቶሎ ሪፈር ይበል» የምትለው ናት። አዳራሹ ራሱን እየነቀነቀ ተቀበላት፤ እኔ ግን ይህች ቃል ስንቱን የምዕራብ ጎጃም፣ የወንበርማና የቡሬ ገበሬ በመንገድ ላይ እንዳስቀረች እያሰብሁ በቁጣ ነደድሁ። ተናጋሪው የአዲስ አበባ ነዋሪ ናቸው፤ ሌሊት ደረታቸውን ቢጨመድዳቸው ትልቁ ሆስፒታል ከደጃቸው ሩቅ አይደለምና፣ ለሌላው የፈረዱትን ፍርድ በራሳቸው ሥጋ አይቀምሱትም።

ልብን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም በተደፈነ ጊዜ ደም የተከለከለው የልብ ሥጋ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ የሞተውም ተመልሶ አይድንም። የሕክምናው ሥርዓት የሚያዝዘው ግልጽ ነው፦ የተዘጋውን ሥር በቀጭን ቱቦ መክፈት ሕሙሙ ከሐኪም ፊት ከቀረበበት ሰዓት ጀምሮ በ120 ደቂቃ ውስጥ የማይቻል ከሆነ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕሙሙ በተገኘበት በዚያው ስፍራ ይሰጠው ይላል። እንግዲህ ከአውራ ጎዳናው ገባ ካለችው ከወንበርማዋ ሽንዲ ተነሥቶ፣ በቡሬ አልፎ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የደረሰ ሰው ባሕር ዳር ለመግባት 176 ኪሎ ሜትር፣ በቱቦ የመክፈቱ ሥራ በአብዛኛው ወደሚሠራበት ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ 387 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ይህ ሁሉ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በጸናው ጦርነት ሌሊት መንቀሳቀስ ራሱ ለነፍስ የሚያሰጋ ሆኗል። በዚህ ሁኔታ «ቶሎ ሪፈር» የሚለው ትእዛዝ የትኛውን ቶሎ ማለቱ ነው?

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበው መድኃኒቱ ብርቅ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤቱ የታተመው፣ ከ17,000 በላይ ሕሙማን የተካፈሉበት ታላቅ ጥናት፣ አስፒሪን ብቻውን ሞትን በሩብ ገደማ፣ ስትሬፕቶካይኔዝ ከተባለው ደም አሟሚ ጋር ሲሰጥ ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ አስረድቷል። አስፒሪኑ በጥርስ ታኝኮ የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ሁለተኛውም በደም ሥር ጠብ እያለ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ያሰፈረው አሮጌ መድኃኒት ነው። ለማን እንደሚገባና ለማን እንደሚከለከል ለመለየት ግን የልብን እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚስለው የኢሲጂ መሣሪያ፣ ያንንም የሚያነብ ተረኛ ያስፈልጋል። መሣሪያው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ አድሮ ቁልፉ ከቀን ሠራተኛው ኪስ ካለ፣ ሌሊት ላብ አጥምቆት፣ ግራ ክንዱን ይዞ የመጣው አባወራ «ጨጓራ ነው» ተብሎ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ወይም አንድ ወረቀት ተጽፎለት አምቡላንስ ይጠብቃል፤ እስኪነጋም የልቡ ሥጋ እየሞተ ያድራል።

«በገጠር የልብ ሕመም የለም፤ የከተማ በሽታ ነው» የሚሉም አልጠፉም። ያልተመረመረ በሽታ በመዝገብ አይጻፍምና፣ ካለመመዝገቡ ተነሥቶ የለም ማለት ከዕውቀት የመጣ ቃል አይደለም። በቆሎና በርበሬ አምርቶ አገር የሚቀልበው፣ በየዓመቱም የጤና መድን መዋጮውን የሚከፍለው የምዕራብ ጎጃም ገበሬም ባለመብት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት ለሕዝብ ጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገደደው ለእርሱም ጭምር ነው እንጂ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ አይደለም።

እኔ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሆስፒታሎች የቱቦ ሕክምና ዛሬውኑ ይቋቋም አላልሁም። ኢሲጂው በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሌሊትና ቀን፣ እሑድና በዓል ሳይባል ክፍት ይሁን፤ አስፒሪኑና ደም አሟሚው በተረኛው እጅ ይገኙ፤ ተረኛውም የተሣለውን ወረቀት በስልክ ልኮ የልብ ሐኪም የሚያማክርበት፣ በማናቸውም ሰዓት የሚነሣ አንድ ቁጥር ይሰጠው። ሕሙሙ መድኃኒቱን በክንዱ ከተቀበለ በኋላ ሪፈሩ ይጻፍ፤ አምቡላንሱም ይነሣ።