ድስቱን መልሱላት!

ሹሞቻችን እስያ መሄድ ይወዳሉ። «የልምድ ልውውጥ» ይሉታል። ሄደው ሲመለሱ የሚያወሩልን ስለ ፎቅ፣ ስለ ኢንዱስትሪ መንደርና ስለ ሰፊ አስፋልት ነው። አበሉን ተቀብለው፣ ፎቶውን ተነስተው፣ «ቬትናም እንዲህ አደገች፣ እኛም በዚያው መንገድ ላይ ነን» ይሉናል። እኔም በጠባቧ ኪሴ የአንድ ምሽት የልምድ ልውውጥ አድርጌ መጥቻለሁ። ልዩነቱ፣ እነሱ በመኪና መስኮት ሲያዩ እኔ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጥጬ፣ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብዬ ማየቴ ነው። ሪፖርት የማቀርብለት አለቃ ስለሌለኝ ለእናንተ ለአንባቢያን አቀርባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአጭር ሥልጠና ባንኮክ ሄጄ ነበር። ከዚያ ሆ ቺ ሚን ከተማ (ነዋሪዎቿ ዛሬም ሳይጎን ነው የሚሏት) በአውሮፕላን ቅርብ ናት። ከአበሌ የተረፈችውን ቆጥቤ ተሻገርኩ። እዚያ ለእንግዳ የሚሸጥ አንድ ነገር አለ። ሲመሽ ከሆቴልህ በር በስኩተር ያነሱህና፣ የመንገድ ዳር ምግብ እያበሉ ከተማዋን ያዞሩሃል፤ መጨረሻ ላይ ትንንሽ ጠማቂዎች የሚጠምቁትን ቢራ ያስቀምሱሃል።

እኔን የያዘችኝ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። ሄልሜቱን አገጬ ሥር ራሷ አሰረችልኝ። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2007 ጀምሮ ያለ ሄልሜት ሞተር ላይ መውጣት ክልክል ነው። እኔን «አን» እያለች ትጠራኛለች፣ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ራሷን ደግሞ «ኤም» ትላለች፣ ታናሽሽ ወይም ታናሽህ እንደማለት። እኛ ጋሼ፣ እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው። በዚህ ብቻ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ጎዳናው ገባን። ጎበዝ! ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሞተር ብስክሌት ያለባት ከተማ ምን እንደምትመስል በወሬ አይገለጽም። መስቀለኛው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል፣ ሁሉም ይወጣል፣ የሚጋጭ የለም። አባት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ ያልፋል። ሌላው ማቀዝቀዣ አስሮ ያልፋል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት እደግም ነበር።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የመጀመሪያው ማረፊያችን ላይ ስንደርስ «እኔ ዛሬ ጾመኛ ነኝ፣ ሥጋ አልበላም» አልኳት። ሊከብዳት ነው ብዬ ስሰጋ «አ፣ ቻይ!» ብላ ሳቀች። ለካ የቡድሃ እምነት ተከታዮቻቸው በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1 እና በ15 ከሥጋ ይጾማሉ። የጾም ምግብ «ቻይ» ይባላል፣ በየመንገዱም ይሸጣል። ሻጯ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነች። የሩዝ ዱቄት በእርድና በኮኮናት ወተት በጥብጣ የጋለ ምጣድ ላይ አፈሰሰችው። ቺስስ! ሲል «ባን ሴኦ» ያሉት በዚሁ ድምፁ ነው አለችኝ ልጅቷ። ባቄላ መሰል ቡቃያና እንጉዳይ ጨምራ እንደ ቂጣ አጠፈችውና፣ ከሰላጣ ቅጠልና ከናና ጋር አቀረበችልን። በእጅ ነው የሚበላው። ቅጠሉን እንደ እንጀራ እየጠቀለልኩ ስጎርስ ሴትዮዋ አይታኝ በጣም ተደሰተች።

በልጅቷ አስተርጓሚነት ወሬ ጀመርን። «መቼ ነው እዚህ መሸጥ የጀመሩት?» ብዬ አስጠየቅኋት። «ሲፈቀድ» አለች።

ይህች አንድ ቃል ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ።

*መቼ ነው የተፈቀደው?*

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1975 አለቀ። አሸናፊው ፓርቲ በ1978 በደቡቡ ክፍል የግል ንግድን ዘጋ። ገበሬው በማኅበር ታቀፈ፣ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ አስረከበ፣ ከተሜው በራሽን ቲኬት ተሰለፈ። ሴትዮዋ ያን ዘመን ስታስታውስ ሩዝ ሲጠፋ ማሽላና ካሳቫ እየቀላቀሉ ይበሉ እንደነበር ነገረችን። በሩዝ አገር ሩዝ ጠፋ! የኑሮ ውድነቱ በ1986 በአንድ ዓመት ከ700 በመቶ በላይ ዘለለ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ታሪክ የሌላ አገር ነው ወይ? የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሰልፍ፣ የእህል ኮታ፣ አንዲት ኩንታል ጤፍ የማታሳልፍ ኬላ! እኔ አልደረስኩበትም። እናቴ ግን ስኳር በቀበሌ ካርድ የተሰለፈችበትን ቀን ዛሬም ስትናገር ድምፅዋ ይቀየራል።

የቬትናሞቹ ፓርቲ በታኅሣሥ 1986 ስድስተኛ ጉባኤው ላይ «ዶይ ሞይ» የሚለውን የለውጥ መንገድ አወጀ። መሬቱን ገበሬው በራሱ እንዲያርስ፣ ነጋዴው እንዲነግድ፣ ባለምጣዷ ምጣዷን ይዛ መንገድ ዳር እንድትወጣ ፈቀደ። ምን ሆነ? በ1989 ያ ሩዝ የጠፋበት አገር ሩዝ ላኪ ሆነ። ቡና ብትሉም ያው ነው። ቡና የፈለቀው ከእኛ ጫካ ነው። ዛሬ ከብራዚል ቀጥላ ለዓለም ብዙ ቡና የምትልከው ግን ቬትናም ናት። ያውም አብዛኛው ሮቡስታ ነው!

ሹሞቻችን ይህን ሲያነቡ «አያችሁ፣ ጠንካራ ፓርቲ ሲኖር እንዲህ ነው» ይሉናል። ኧረ ተው ጎበዝ! ያው ጠንካራ ፓርቲ እኮ ነው አሥር ዓመት ሙሉ ያስራበው። ሕዝቡ መብላት የጀመረው ፓርቲው እጁን ከድስቱ ላይ ሲያነሳ ነው።

*የመንገድ ዳሩ ጦርነት*

ሁለተኛ ማረፊያችን ቀድሞ ወረዳ 4 ይባል የነበረው ሰፈር ነው (ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ያ የወረዳ እርከን ተሰርዟል)። ይህ ሰፈር ድሮ የወሮበላ መናኸሪያ ነበር። ናም ካም የተባለው ስመ ጥፉ የማፊያ አለቃ፣ በ2004 በጥይት የተረሸነው፣ የዚህ ሰፈር ልጅ ነው። ዛሬ ቪን ካን የምትባለው ጎዳና የቀንድ አውጣ መብያ ናት። ሕዝቡ ትንንሽ ጠረጴዛ ከብቦ ቀንድ አውጣውን በመርፌ እየነቀሰ ይበላል። (እኔማ ጾመኛ ነኝ! ፍስክም ቢሆን አልሞክረውም።)

መንገዱ ዳር ያለውን ነጭ መስመር ያየሁት እዚህ ጉዞ ላይ ነው። «ምንድነው?» አልኳት። «ከዚያ ወዲህ ሻጭ፣ ከዚያ ወዲያ እግረኛ» አለች።

መስመሩ ዝም ብሎ አልመጣም። በ2017 መጀመሪያ የከተማዋ እምብርት የሆነው የወረዳ 1 ምክትል ሊቀ መንበር፣ ዶአን ንጎክ ሃይ የተባሉ ሹም፣ ወረዳዬን «ትንሿ ሲንጋፖር» አደርጋታለሁ ብለው ተነሱ። ካልተሳካልኝ ሥልጣኔን እለቃለሁም አሉ። ጋሪ ተወረሰ፣ በርጩማ ተጫነ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የተሠራ ደረጃ በመዶሻ ፈረሰ። ለእውነቱ ያህል፣ ሰውዬው የሹሞችንም መኪና ከእግረኛ መንገድ ላይ አስነስተዋል፤ ለዚህም ያጨበጨበላቸው ብዙ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ዞር ሲሉ ጋሪው ይመለሳል። ቢያባርሩ ይመለሳል። ለምን ቢሉ፣ ልጆቿን የምታበላበት ሌላ ነገር የሌላት ሴት የት ትሂድ? በጥር 2018 ሰውዬው የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ።

ከተማዋ ከዚያ ምን አደረገች? በዚያው በ2017 መሀል ከተማ ንዊን ቫን ቺየም በተባለች አጭር ጎዳና ላይ ድሃ ሻጮች በፈረቃ የሚሸጡበት ቦታ ሰጠች። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ ጎዳናዎች እግረኛው የሚያልፍበት አንድ ሜትር ተኩል ከተተወ በኋላ፣ የቀረውን ቦታ በሜትር ለክታ ማከራየት ጀመረች። ለንግድ የሚከፈለው ለአንድ ካሬ ሜትር በወር ከ20 ሺህ እስከ 100 ሺህ ዶንግ ነው። ከፍተኛው ወደ 4 የአሜሪካ ዶላር መሆኑ ነው። ይህም ቢሆን እንከን የለውም አልልም፤ ክፍያው ለድሃዋ ይከብዳል፣ ከዝርዝሩ ውጪ የቀረው ጎዳና ላይ ዛሬም መባረር አለ። ቢሆንም ደረሰኝ የያዘች ሴት ፖሊስ ሲመጣ ሮጣ አትደበቅም።

*ቢራውና ዝምታው*

መጨረሻችን ቢራ ቤት ነበር። ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቤት፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ የመቅጃ ቧንቧዎች። ቬትናም ድሮም ቢራ ጠጪ ናት። ሃኖይ ውስጥ «ቢያ ሆይ» የሚሉት በየቀኑ ተጠምቆ በየቀኑ የሚያልቅ ርካሽ ድራፍት አለ። ትልቁ የደቡቡ የመንግሥት ቢራ ፋብሪካ ሳቤኮ ግን በ2017 መጨረሻ በ4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለታይላንድ ኩባንያ ተሸጧል። (የእኛም ሐረርና በደሌ በ2011 ለሆላንዶቹ እንደተሸጡት።) ትንንሾቹ ጠማቂዎች የመጡት በዚሁ ሰሞን ነው። ፓስተር ስትሪት የሚባለው ጠማቂ በጃስሚን አበባና በአገሩ ፍራፍሬ ይጠምቃል። ከቬትናም ካካዎ የሠራው ጥቁር ቢራ በ2016 በዓለም የቢራ ዋንጫ ውድድር በቸኮሌት ቢራ ዘርፍ ወርቅ አግኝቷል። እኔ ስቀምሰው ትዝ ያለኝ የደረቀ ጌሾና የተቆላ አሻሮ ሽታ ነው። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችንን ማን የዓለም ዋንጫ ይውሰዳቸው?

ዋጋው ግን ሌላ ነው። አንዲቷ ብርጭቆ መንገድ ዳር ካለ አንድ ሳህን ፎ ትበልጣለች። ያቺ ባለምጣድ እዚህ ቤት ገብታ እንደማትጠጣ ስለገባኝ ቢራው ጥቂት መረረኝ። ልጅቷ የሸንኮራ ጭማቂ ይዛ ነው የተቀመጠችው። ከጥር 2020 ጀምሮ አሽከርካሪ ጠብታ እንኳ ቀምሶ ቢገኝ ይቀጣል። ሕጉ ሕይወት የሚያድን ነው።

ሞቅ ሲለኝ ሙያዬ አላስቀመጠኝም። «እዚህ አገር የግል ጋዜጣ አለ?» አልኳት። ዙሪያዋን አየች። «የለም» አለች ቀስ ብላ። ስለ ፓርቲው ስጠይቃት ብርጭቆዬን አየችና «ቢራው እንዴት ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ይህን ዝምታ እኔም ከአገሬ አውቀዋለሁ።

ፋም ዶአን ትራንግ የተባለችው ጋዜጠኛ በጥቅምት 2020 የተያዘችው እኔ ቢራ በጠጣሁባት ከተማ ነው። በታኅሣሥ 2021 «በመንግሥት ላይ ፕሮፓጋንዳ ነዝታለች» ተብላ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባት። ስለዚህ ማንም ተነስቶ «ጸሐፊው ቬትናምን አመለካት» እንዳይለኝ። ምጣዱ ነፃ ሲወጣ ሆድ ጠገበ፤ አፍ ግን እንደታሰረ ነው። የእኛ ሹሞች ከዚያ አገር መቅዳት የሚፈልጉት ይህን የታሰረውን አፍ ይሆን?

*ወደ ቤታችን ስንመለስ*

አገሬ ስገባ ሞተር ብስክሌት በከተማችን እንደልብ አይነዳም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከሌለው በቀር ታገደ። ሌባ በሞተር ይሰርቃል ተባለና፣ በሞተር እንጀራ የሚበላው ወጣት ሁሉ አብሮ ተቀጣ።

ጉልቱስ? ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ቅቅል ድንች በዳጣ የሚሸጡ እናት አሉ። ተማሪ ሳለሁ በዱቤ አብልተውኛል። ስማቸውን አልጠቅስም፣ የሚብስባቸው እሳቸው ናቸውና። አንድ ማታ ደንብ አስከባሪዎች መጡ። አንዱ ድስቱን በእግሩ ገለበጠው። ድንቹ ቦይ ውስጥ ተንከባለለ። ሌላው ድስቱን አንስቶ መኪና ላይ ወረወረ። ደረሰኝ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። እሳቸው አልተሳደቡም፣ አላለቀሱም። «ልጆቼ፣ ድንቹስ ይቅር፣ ድስቱን ብቻ መልሱልኝ» አሉ። ልጆቻቸው የሚሆኑት ጎረምሶች መልስ ሳይሰጡ ሄዱ። በማግስቱ መታጠፊያው ባዶ ነበር። ከሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ በብድር በተገዛ ድስት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠራው የእግረኛ መንገድ ሰፊና ንጹሕ ነው፣ አልክድም። እኔም እሄድበታለሁ። ዓይነ ስውሩም፣ ጋሪ የምትገፋዋ እናትም መተላለፊያ ይገባቸዋል። ነገር ግን ያን ሁሉ ስፋት ዘርግተን ለአንዲት የድንች ድስት የሚሆን ግማሽ ሜትር እንዴት አጣን?

እንግዲህ የልምድ ልውውጤ ውጤት ይኸው ነው። ነጭ ቀለም ግዙና መስመር አስምሩ። ከመስመሩ ወዲህ ያለውን አቅም ባገናዘበ ዋጋ አከራዩ፣ ደረሰኝ ስጡ። ያለ ደረሰኝ የማንንም ዕቃ አትውረሱ። ይህን ለማድረግ የውጭ ብድርም አማካሪም አያስፈልግም፤ ሳይጎን ዱላውን ሞክራ፣ ከሽፎባት፣ የደረሰችበት ነው። ዱላውን እኛም በበቂ ሞክረነዋል።

ለጊዜው ግን ሌላው ሁሉ ቢቆይ፣ የእኚያን እናት ድስት መልሱላቸው።

ቸር ይግጠመን።