መምህር እንሁን ወይስ ጸሐፊ?



ስለ ምግብ ቤቱ በዚህ ገጽ ብዙ ተጽፏል። ስለ ማስተማር ልምምዱ ግን በየመኝታ ክፍላችን እናማርራለን እንጂ በአደባባይ ደፍሮ የተናገረ የለም። ዛሬ እኔ ልናገር ነው፤ የሚከፋውም ይከፋ።

የመጀመሪያ ዲግሪውን በፊዚክስ ወይም በታሪክ የያዘ ሰው መምህር ለመሆን የአንድ ዓመት የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ ይጨምር የሚለው ሥርዓት በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡን አልነቅፍም። የምነቅፈው እኛ ልምምዱን ያደረግንበትን መንገድ ነው። ጧት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተን እናስተምራለን፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሰን በኮርስ ላይ እንቀመጣለን፤ ማታ ደግሞ የዕለት የትምህርት ዕቅድ፣ የውሎ ማስታወሻ፣ ፖርትፎሊዮ፣ በዚያ ላይ ባለ አምስት ምዕራፍ ተግባራዊ ምርምር እንጽፋለን። ለመሆኑ ነገ የምናስተምረውን የምናነበው መቼ ነው? ይህን የጠየቀን የለም።

አንድ ማክሰኞ ዘጠነኛ ክፍል ስለ ስበት አስተምር ነበር። ስልሳ ያህል ልጆች፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ መሬት ሁሉን የምትስብ ከሆነ ጨረቃ ለምን አትወድቅም?» አለችኝ። ኒውተንን ያህል ሰው ያሳሰበ ጥያቄ ነው። እኔ ግን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምርምሩን ምዕራፍ ሁለት ስጽፍ አምሽቼ ዓይኔ አልገለጥ ብሎ ነበርና «እሱን ከፍ ያለ ክፍል ስትደርሱ ትማሩታላችሁ» ብዬ አለፍኳት። ልጅቱም ዝም ብላ ተቀመጠች። መልሱ የመጣልኝ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጨረቃማ ትወድቃለች እንጂ! ዘወትር እየወደቀች ነው፤ ዳሩ ግን ወደ ጎን የምትሮጥበት ፍጥነት ስላላት ስትወድቅ ስትወድቅ መሬትን ትስታታለች፤ ዙረቷም ይኸው መሳቷ ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ጠመኔና ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

በማግስቱ ልነግራት አስቤ ነበር። በማግስቱ ግን ከዩኒቨርስቲው ተቆጣጣሪ መጡ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ከኋላ ተቀመጡ፤ የዕቅድ ደብተሬን አገላበጡ፤ በማጠቃለያው ረድፍ ላይ ደቂቃው ለምን እንዳልተጻፈ ጠየቁኝ፤ ሄዱ። በዚያ ሴሚስተር የተቆጠረብኝ ጉድለት ይህ ብቻ ነው። ለጨረቃዋ ጥያቄ ማንም ነጥብ አልቆረጠብኝም። ውጤቴም ደኅና ነው፤ አመሰግናለሁ።

ስለ ምርምሩም እውነቱን እንነጋገር። መጠይቅ ከበተንኩላቸው ሠላሳ ተማሪዎች ስድስቱ አልመለሱልኝም፤ የስድስቱን እኔው ሞላሁት። አፍሬ ነው የምናገረው። ከእኔ የባሰ ያደረገም አለ፤ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ከፎቶ ኮፒ ቤት ገዝቶ የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ለውጦ ያስገባ። እናንተም መምህራኖቻችን ይህን አታውቁም ብዬ አላምንም። ኩርት ሌዊን በ1946 እ.ኤ.አ. የዚህን ዓይነት ምርምር ነገር ሲጽፍ ማቀድ፣ መሥራት፣ የሠሩትን መመርመር፣ እንደገና ማቀድ እያለ በዙር በዙር የሚሄድ ሥራ አድርጎ ነው የገለጸው። በጥቂት ሳምንት ልምምድ አንዱ ዙር እንኳ በወጉ አይሞላም። ታዲያ ምዕራፍ አራት ላይ «የተገኘው ለውጥ» እያልን የምንጽፈው የየትኛውን ዙር ለውጥ ነው?

አንዳንድ መምህራን «ንድፈ ሐሳብ የሌለው መምህር ቧልተኛ ይሆናል፤ እኛ የምናወጣው አጥኚ መምህር ነው» ይላሉ። መልካም። አጥኚ መምህር መሆን እኔም እሻለሁ። ነገር ግን ተማሪው የጠየቀውን ያላጠና አጥኚ ምን ዓይነት ነው? እንዲህ ሆነን ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነን ቀረን፤ ኮርሱንም በእንቅልፍ ልብ ሰማነው፤ ክፍሉንም በድካም ገባንበት።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ከኮርስ አውጥቶ ወደ ክፍላተ ሀገር ይልከው ነበር፤ አብዛኛውም በአስተማሪነት ነበር የሚያገለግለው። ግዴታ በመሆኑ በጊዜው ያጉረመረመ ብዙ ነበር፤ ሥልጠናውም ቢሆን የሚያኮራ አልነበረም። ቢሆንም ያ ተማሪ በዚያ ዓመት ሥራው አንድ ነበር።

ነገሩ የእኛ እንቅልፍ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። የዚህ ሁሉ ጥፋት በተለማማጅ ላይ አይወድቅም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን እነዚህን ልጆች ነገ የምንረከባቸው እኛ ነን፤ ልምምዱም የሚካሄደው በእነሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ሥራ ይቀነስልን አላልኩም። እንዲያውም ይጠንክርብን! ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለውን መጽሐፍ ጠንቅቀን ማወቃችን ልምምድ ከመውጣታችን በፊት በፈተና ይረጋገጥ፤ የወደቀ አይውጣ። ተቆጣጣሪው ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይቀመጥ፤ ከዚያም ከእኛና ከትምህርት ቤቱ መምህር ጋር ሆኖ ስለ ትምህርቱ ይከራከር እንጂ ስለ ደቂቃው ረድፍ አይደለም። ኮርሶቹ ከልምምዱ በፊት ወይም በኋላ ይሰጡ። ምርምሩ ከራሳችን ክፍል የወጣች አንዲት ጥያቄ ትሁን፤ ሦስት ገጽ ይበቃታል፤ «አልተሳካልኝም» ብሎ የጻፈም በመጻፉ አይጣል።

ኅብረቱ ይህን ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እንዲያደርገው እጠይቃለሁ። መልስ ያላችሁ መምህራን ደግሞ በዚሁ ገጽ ጻፉልን፤ እናነባለን። ደብተሬን ያገላበጡት መምህርም ቢጽፉ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ከደቂቃው በቀር ሌላ ምን እንዳዩ እስካሁን አልነገሩኝምና።