የሚነዝር ምጣድ አይጋገርበትም

«ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል፤ ጫማ አድርጊ።» አዲስ ለተቀጠረች ሠራተኛ ሊጡ ከተቀመጠበት ቀጥሎ ይህ የሚነገርባቸው ቤቶች አሉ። መነዘሩን ሁሉም ያውቃል፤ የሚጋግር ሰው ሊችለው የሚገባ የምጣዱ ጠባይ ተደርጎ ተወስዷል። እኔ ይህን መቀበል አልችልም። የሚነዝር ምጣድ ተበላሽቷል፤ ሳይሠራ እንጀራ ሊጋገርበት አይገባም።

ከሸክላው ሥር የሚዞረው ሽቦ ራቁቱን ነው። ከቆርቆሮው የሚለየው ሸክላውና ከታች ያለው ጀሶ ብቻ ነው። እነሱ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ችግር የለም። ሸክላው ሲሰነጠቅ ግን ሊጡ ይሰርጋል፤ እርጥበቱም ኤሌክትሪኩን እየመራ ቆርቆሮው ላይ ያወጣዋል። አክንባሎ የምታነሳው እጅ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ናት። ለዚህ ነው በገመዱ ውስጥ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላት ሦስተኛ ሽቦ ያለችው። ከቆርቆሮው ጋር በብሎን ትታሰርና ያፈተለከውን ወደ መሬት ታወርዳለች። ገመድ ሲቀየር ይህችን ሽቦ «አታስፈልግም» ብሎ ቆርጦ የሚጥል ጠጋኝ አለ። ምጣዱ ያለ እሷም ስለሚግል የቤቱ ሰው ጎድሎ አይታየውም፤ ሒሳቡን ከፍሎ ያመሰግናል።

ሌላው ጣጣ ሶኬቱ ነው። 3500 ዋት የሚጎትት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይወስዳል። ይህ አንድ ተራ ሶኬት የሚችለው መጨረሻው ነው። ቴሌቪዥንና ስልክ የተሰካበት ማከፋፈያ ላይ እሱን መጨመር እሳት መጥራት ነው። ጋግረው ሲጨርሱ መሰኪያውን ነቅለው ይዩት፤ በአንደኛው እግር ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ፣ የተቃጠለ ላስቲክም ከሸተተ፣ ውስጥ የላላ ብሎን አለ ማለት ነው። ጠዋት ምጣዱ «እምቢ» ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ ሸክላው ግን በከንቱ ይገለበጣል።

ከሸክላው ሥር የተበጠሰውን ሽቦ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ መቀጠልም የተለመደ ነው። መቀጠያው ከሌላው ይልቅ ስለሚግል ብዙም ሳይቆይ እዚያው ይበጠሳል። በየጊዜው እያጠረ ሲሄድ ደግሞ የሚስበው ይጨምራል፤ አንድ አሥረኛው ከጎደለ 3500 የነበረው ወደ 3900 ዋት ይጠጋል። ሶኬቱ ግን ያው ነው። ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቀየር።

የበዓል ዋዜማ ላይ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ግን ጠጋኝ ለመጥራት አይቸኩሉ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ዝቅ ካለ ምጣዱ ከሙቀት ኃይሉ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ሌሊት ወይም ማለዳ ቢጋገር በደንብ የሚበስለው ያው ምጣድ ነው።

ጠጋኙ ሥራውን ሲጨርስ ምጣዱ እንደተሰካ ቆርቆሮውን በቴስተር እንዲነካው ይጠይቁት። መብራቷ ከበራች ሥራው አላለቀም። የሚከራዩት ቤት ሶኬትም የመሬት መስመር ከሌለው ጥያቄው ለአከራዩ ነው፤ ለምጣዱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር እንዲዘረጋለት፣ ቤቱን ከመያዝዎ በፊት፣ ከኪራዩ ዋጋ ጋር አብረው ይነጋገሩበት።