«ራም ጨምር» መልስ አይደለም

ሰመራ ላይ ሊኑክስ የጫነበት ላፕቶፑ ስታክ አድርጎ የመመረቂያ ጽሑፉን ለበላበት ተማሪ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ የሰጠው ምክር ሁለት ቃል ነበር፦ «ራም ጨምር»። አዋሽ ሰባት ኪሎ ባሉ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶችም የምሰማው ይህንኑ ነው። ሊኑክስን ከልቤ ስለምወደው ይህ መልስ ያበሽቀኛል።

ተማሪው ራሜ ለምን አነሰ አላለም። ራም ሲያልቅ አንድ ፕሮግራም መዝጋት እየተቻለ ማሽኑ በሙሉ ለምን ይታሰራል ነው ያለው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ራም ሲጣበብ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ኬርነሉ፣ ከዲስክ መልሼ አነበዋለሁ ብሎ፣ እየሠሩ ያሉትን የፋየርፎክስንና የሊብሬኦፊስን ኮድ ሳይቀር ያስወጣል። ወዲያው ያው ኮድ ይፈለጋል፤ እሱ ሲነበብ ሌላው ይወጣል፤ የወጣውም ወዲያው ይፈለጋል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ባለው ላፕቶፕ ይህ ዙር ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ኬርነሉ ግን ገና የማስለቅቀው ቦታ አለ ብሎ ስለሚቆጥር ኦኦኤም ኪለር የሚባለውን ፕሮግራም ገዳይ አይጠራም። በእሱ ሂሳብ ሥራ እየተሠራ ነው፤ በተጠቃሚው ፊት ማውሱ ደርቋል። ፓወሩን ተጭኖ ከማጥፋት በቀር ምን ቀረው?

8 ጊጋ ራም ቢገባ ችግሩ ከጥቂት ታቦች በኋላ ይመጣል እንጂ አይቀርም። ደግሞስ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ላፕቶፕ ስንቱ ነው!

አርቴም ታሽኪኖቭ እ.ኤ.አ. በ2019፣ 4 ጊጋ ራም ያለውና ስዋፕ (ራሙን የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) የሌለው ማሽን በብሮውዘር ታቦች ብቻ እንዴት እንደሚታሰር ለኬርነል ሠሪዎቹ አሳይቷል። በ2020 ፌዶራ 32 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት፣ ራምና ስዋፕ ሊያልቁ ሲሉ ቀድሞ አንዱን ፕሮግራም የሚዘጋውን ኧርሊኦኦኤም የተባለ መሣሪያ ከዴስክቶፑ ጋር አብሮ አቀረበ። መፍትሔው ይህን ያህል ትንሽ ነበር። ሌላው ስርጭት ኡቡንቱ 22.04 ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ሲስተምዲ ኦኦኤምዲን ይዞ ሲመጣ ግን ብሮውዘሬን ዘጋብኝ የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ብዙዎችም አጠፉት። ጩኸቱ እውነት አለው፤ ቶሎ የሚገድል መሣሪያ መስተካከል አለበት። ማጥፋት ግን ምን የሚሉት መፍትሔ ነው? የተዘጋ ብሮውዘር ታቦቹን መልሶ ይከፍታል። በፓወር ቁልፍ የጠፋ ማሽን ሴቭ ያልተደረገውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አልት፣ ሲስሪክና ኤፍን አንድ ላይ በመጫን ኦኦኤም ኪለርን በእጅ መጥራት ይቻላል፤ ኬርነሉ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ኡቡንቱ ግን ይህን ጥሪ ዘግቶ ነው የሚያስረክበን። ማሽኑ በጊዜ መወሰን ካቃተው፣ ቢያንስ ባለቤቱ እንዲወስን ይክፈቱለት።